ውሃ የመጣ ሌሊት

በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ፣
ቧንቧው ሳል ጀመረ፤ ሳሉ ቀሰቀሰኝ።
መጀመሪያ አየር፣ ቀጥሎ ድፍርሱ፣
ከዚያ ነው የሚጠጣው፣ ሲጠራ በራሱ።
«ያለም፣ ውሃ መጣ!» ብዬ እንደ ልማዴ፣
በግድግዳው በኩል ተዘረጋ ክንዴ።

ግድግዳውን ነካሁ።
ከኔ ቀድሞ ክንዴ ነው የነቃው፤
ካንች መሄድ በፊት ያለውን ነው የሚያውቀው።

ተነሥቼ ቀዳሁ፣ በባዶ እግር ቆሜ፣
ባትሪ በጥርሴ ነክሼ፣ በግማሽ ሕልሜ።
ቢጫውን፣ ሰማያዊውን፣ እጀታ የሌለውን፣
ያን ስንት ጊዜ ታጥቦ ዘይት የሚሸተውን።
ሰባት ጀሪካን ሞላሁ።
ሰባት! ለማን ብዬ? ስንት እግር አለኝ?
ጎረቤት ቢሰማ ሠርግ አለበት ይለኝ።

ለአርባሽ አላለቀስሁም። ድንኳን ነበር፣ ሰው ነበር፣
«ወጡ ያዳርሳል ወይ?» የሚል ጭንቅ ነበር።
ቁስቋም መቃብርሽ ዘንድ ስቆምም ደህና ነኝ፤
ለሐዘን ታጥቄ ነው የምሄድ፤ አይጥለኝም ቢያገኘኝ።
እሱ የሚያደባው በሌላ መንገድ ነው፤
ሽንኩርት ስመርጥ ነው፣ ከባጃጅ ስወርድ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ በፒያሳ ሳልፍ፣
አጣናው ጠራኝ ከፋርማሲው ደጃፍ።
«ጋሽ ታረቀኝ!» አለ፣ ደስታው ፊቱን ሞልቶት፣
«ያ መድኃኒት ገባ! ለእትዬ ላስቀምጥልዎት?»

ታስታውሽ የለ? ሁለት ወር ተኩል ሙሉ
ባሕር ዳር ደውለን፣
ሆስፒታሉን ለምነን፣
ለመተማ ሾፌር ቀብድ ሰጥተን፣
«የለም» ነበር መልሱ፤ ሲሻል «ገና ነው»።
ልጁ ደስ ብሎታል። ምን ብዬ ልንገረው?
ያን የፈካ ፊቱን በምን አፌ ልስበረው?
«ሁለት» አልሁት።
ከፈልሁ።

አሁን ፍሪጅ ውስጥ ነው፣ ከሎሚው አጠገብ።
መብራት የጠፋ ቀን (ብታይ ትስቂ ነበር)
እንዳይበላሽ ብዬ ስጨነቅ አድራለሁ፤
ሲነጋ በረዶ ፍለጋ ከሆቴል ሆቴል እዞራለሁ።

ሱቁም ያው ነው፣ ያለም። የመሪጌታ ልጅ መጥታ
ቀሚስ አሰፋችኝ ለምረቃዋ ማታ።
ለካሁ፣ ጻፍሁ፣ ቆረጥሁ፣ ሰፋሁ።
ለብሳው ብትቆም ትከሻው ወረደ፣
ወገቡ እንደ ድንኳን ነፋስ ለመደ።
«ጋሼ» አለች ቀስ ብላ፣ እንዳታስከፋኝ ፈርታ፣
«ይኸ እኮ የሌላ ሰው ልክ ነው።»

እውነቷን ነው።
ደብተሩ ላይ የሷ ቁጥር አለ፣ በእርሳስ፣ በጽሕፈቴ፤
መቀሱ ግን ደብተር አያነብም፤ ሠላሳ ዓመት
ባንች ልክ ነው የለመደ።
ፈትቼ ደግሜ ሰፋሁላት። አላስከፈልኋትም።

ሊነጋጋ ሲል እትዬ ጥሩዬ አንኳኳች፤
ውሃው ዳገት አይወጣላትም፤ አምስቱን ወሰደች።
«ነፍሷን ይማር፤ እሷም እንዲህ ነበረች።»
ደግሞ ከበሩ ኋላ እጇን ሰደደች።

«እሷ ትቆይ» አልሁ።

ስምንተኛዋ ናት። ክዳኗ የጠፋው፣
አፏን በፌስታል፣ በሲባጎ ያሰርሽው፣
ሰኔ ላይ፣ በዝናብ፣
እኔ ተኝቼ፣ ሳትቀሰቅሽኝ የቀዳሽው።
በጥርስሽ ስበሽ ያጠበቅሽው ቋጠሮ
እንዳለ ነው፤ ጫፉ ተነክሷል።

ውሃው ሳይሸት አልቀረም። ዳር ዳሩ አረንጓዴ ሆኗል።
አውቃለሁ።
አልፈታሁትም።

ቧንቧው እንደገና ሳለ። አየር ተፋ።
አንድ ሁለት ጠብታ፣
ከዚያ ዝም።